በፓይዋ ሸለቆ ወርቅ ስለተገኘልን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ዴንሃም ሮስኮ
የወርቅ ፍለጋ ቁፋሮ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው እላለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም እንቅልፍዎ ደህና እንዲሆን እጸልያለሁ። እኔ ከዋሌ ጎሳ የኪፖኮ ሚስት፣ ከኩሊምቡ ጎሳ ደግሞ የላንጋን እኅት የነበርኩት ያካሜ ነኝ። «የነበርኩት» ማለቴ ሁለቱም ስለሞቱ ነው እንጂ ከማንኛቸውም ጋር ተጣልቼ አይደለም።

እርስዎ ወደዚህ ከመምጣትዎ በፊት ዋሌና ኩሊምቡ በአንድ ጋራ ወዲህና ወዲያ የምንኖር አማቾች ነበርን። እኔም የተዳርኩት አንድ የቆየ ጦርነት እንዲበርድ ነው። በሠርጌ የታረዱትን አሳማዎች ሁለቱም ወገን አብሮ በላ፤ ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ከሐሜት የከፋ ነገር አልተወረወረም።

ቅሬታ ብዬ ላስቀይምዎ አልሻም፤ ትንሽ ማስታወሻ ይበሉት።

አንደኛ፣ ስለ ጉድጓዱ አመሰግናለሁ። ማሽንዎ የቆመው በእኛ የስኳር ድንች ማሳ ላይ ነበር። ባሌ ማሳውን በደስታ ለቀቀልዎ፤ መሰርሰሪያው ከጥልቅ የሚያወጣውንም የድንጋይ ዘንግ በሳጥን እየደረደረ ይሸከም ነበር። ቤት ሲገባ «ዛሬ ቢጫ ነገር አየሁ» ይለኝና እጁን ሳይታጠብ ይበላል። ጉድጓዱ ግን ቀጥ ብሎ አልወረደም፤ አጋድሎ በጋራው ሥር ወደ ኩሊምቡ ነው የሄደው። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ጉድጓድ ያው ጉድጓድ ነውና ይህን ከእናንተ በቀር ማንም አላወቀም።

ሁለቱን ጎሳ ሜዳው ላይ ሰብስበው፣ ማሽኑን በእኛ በኩል፣ ወርቁን በኩሊምቡ ቤቶች ሥር በቀይ ቀለም የሚያሳይ ሥዕል በሰቀሉ ጊዜ የተነሣው ወንድሜ ላንጋን ነበር።

«ጌታው፣ ማሽኑ ያለው አማቾቼ መሬት ላይ ነው። ይኼ ቀዩ ግን እኔ ቤት ሥር ነው። ተሳስቻለሁ?»

«አልተሳሳትክም፣ እንኳን ደስ አለህ» አሉት እርስዎ እየሳቁ።

«ቆይ እንጂ» አለ ባሌ። «ማሳችንን የገለበጣችሁት ለነሱ ወርቅ ልትፈልጉ ነው?»

ላንጋን ወደ እሱ ዞረና «አይዞህ አማቼ፣ አንተ ድንጋዩን ተሸክመህ ስትጨርስ ወርቁን እኔ እሸከምልሃለሁ» አለው። ኩሊምቡዎች ሳቁ። ኪፖኮ አልሳቀም።

ያን ጊዜ እርስዎ ክምችቱ ምን ያህል እንደሆነ ገና በቁፋሮ እየተገመገመ መሆኑን፣ የመሬቱን ጉዳይ ግን በባህላችን ብንፈታው እንደሚሻል መክረውን ወደ ሄሊኮፕተርዎ ወጡ። ለባህላችን ላሳዩት አክብሮት በሁለቱም ጎሳ ሙታን ስም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ምክርዎን ፈጽመናል። የኩሊምቡ ጎረምሶች የማሽኑን የውኃ ቱቦ ቆረጡ። የእኛዎቹ አንዱን ይዘው እጁን በዱላ ሰበሩት። ከዚያ ኩሊምቡዎች ጠመንጃና መጥረቢያ ይዘው ጋራውን ተሻገሩ። እኔና ኪፖኮ ከተረፈችን ቁራሽ ማሳ ድንች እየቆፈርን ነበር። ከፊት የመጣው ወንድሜ ነው።

«ያካሜ፣ ዞር በይ።»

«አልዞርም። መጀመሪያ እኔን።»

«እኅቴ፣ አታስቸግሪኝ። እኔ ብተወውም እነዚህ አይተዉትም።»

ከኋላው የነበረ አንዱ በጠጉሬ ጎትቶ ጣለኝ። መጥረቢያው ባሌን አንገቱና ትከሻው መገናኛ ላይ አገኘው። ሊነሣ ሞከረ፤ ተመልሶ ወደቀ፤ እንደገና ሞከረ። ደሙ በድንቹ መደብ መካከል እንደ ውኃ ቦዩን ይዞ ወረደ። ላንጋን መጥረቢያውን ለመንቀል እግሩን የባሌ ደረት ላይ አድርጎ ቀና ብሎ አየኝ። ከሠርጌ በፊት ያኮርፍ በነበረበት ፊቱ ነው ያየኝ።

እሱንም ብዙ ሳይቆይ ዋሌዎች ወንዝ ሲሻገር በጥይት መቱት፤ ወድቆም አልተዉትም፣ ከታተፉት። እናታችን የለየችው በእግሩ ጣቶች ነው። ሚስቱ ሸሽታ ስለነበር ያጠብኩት እኔ ነኝ። የሚታጠበውን ያህል አጠብኩት። ስመለስ የባሌ ወንድሞች «የገዳይ እኅት» ብለው ከበር መለሱኝ። ወደ እናቴ ሄድኩ። «የባልሽ ወገን ልጄን ቆራረጠው፤ አሁን አንቺን ምን ብዬ ላስገባሽ?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ዛሬ የምኖረው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ከሁለቱም ወገን መበለቶች ጋር ነው፤ ጀርባችንን ተሰጣጥተን እንተኛለን።

ሦስተኛ፣ ስለ ጠባቂዎችዎ። ኩሊምቡዎች በመጡበት ቀን ቤቶቻችን ሲቃጠሉ መሣሪያ ይዘው በማሽኑ ዙሪያ ቆመው ነበር። አማቴ እሳት ውስጥ እንደቀረች ነግሬ አለቃቸውን እግሩን ስይዘው «እናቴ፣ እኛ የታዘዝነው ለማሽኑ ነው» አለኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ እግሩን ያስለቀቀውም ቀስ ብሎ ነው። ማሽኑ አንድም ጭረት አልነካውም፤ እንኳን አተረፈልዎ።

በመጨረሻ ግምገማው ስላለቀ ደስታዬን እገልጻለሁ። ወርቁ ቀጭን፣ ጥልቅና የተበጣጠሰ በመሆኑ ለማውጣት እንደማያዋጣ በሬዲዮ ሰማን። አዳራሹ ውስጥ አንዲት የኩሊምቡ መበለት ወደ እኔ ዞራ፣ ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «በልተሻል?» አለችኝ። ስኳር ድንቿን ለሁለት ገምሳ ሰጠችኝ። ይህም የእርስዎ ሥራ ፍሬ ነውና ይመዝገብልዎ።

ረጅም ዕድሜ፣ የሰላም እርጅናና በዙሪያዎ የሚያለቅስ ብዙ ዘመድ እየተመኘሁ፣ ማሳዋን፣ ባሏንና ወንድሟን ለሳይንስ ያበረከተች ታዛዥ ባለውለታዎ፣

ያካሜ
ከፓይዋ ሸለቆ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማሽኑን ለማንሣት ራስዎ እንደሚመጡና ለሕይወትዎ የሚያሰጋ ነገር መኖሩን እንዳስጠየቁ ሰምቻለሁ። የሁለቱም ጎሳ ወንዶች እንደማይነኩዎት ምለዋል፤ ደክሟቸዋል፣ ይመኗቸው። ሴቶቹን የጠየቀ ግን የለም።