ኦሪጅናል ማለት ምን ማለት ነው

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
የሰፈሩን ልጆች ከጀሞ በቫኔ ጭኜ ወደ መካኒሳ ትምህርት ቤት። እንደ ሁሌው ጭቅጭቅ... ማን መስኮት ጋ ይቀመጥ። ሰባት ልጅ ከነቦርሳቸው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስረግጥ መሪው እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ ፔዳሉ ወደ ታች ሰመጥ አለ። ቫኗ ቆመች፣ ግን ዘግይታ። ከፊቴ ያለው ሚኒባስ ላይ የተለጠፈውን ጥቅስ ፊደል በፊደል አነበብኩት።

ልጆቹ ምንም አልገባቸውም። እኔ ግን ማታውኑ ለመካኒኬ ለኦልጅራ ደወልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ኦልጅራ ጋራዥ። ጎማውን አወለቀና ጠራኝ። ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ዲስክ ተቦርቡሯል፣ እሱን ጨምቆ የሚይዘው ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ሊገናኝ ነው። "ቶርኖ ቤት ወስደን ፊቱን እናስልጠው?" አልኩት።

"ስንቴ ይላጣል? ቀጥኗል እኮ። ቀጭን ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ ከጋለ ይጣመማል። የሰው ልጅ ጭነሽ ነው ቁልቁለት የምትወርጂው... ካልቀረ ሻል ያለ ይግባ።"

መኪናዋ እስክትሠራ ልጆቹን በታክሲ አመላልሳለሁ። ወላጆች ያጉረምርሙ፣ ምን ላድርግ?

ጀማሉዲን ለሥራ ጅማ ነው። ደወልኩለት። "ወንድሜ መለዋወጫ ሱቅ እያለው ባዳ ጋ ይኬዳል እንዴ? ጋሽ ኑሪ ጋ ሂጂ" አለ ባሌ። ይሁን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ጋሽ ኑሪ ሱቅ። ደንበኞች ቆመዋል። "ኦሪጅናል ዲስክ ስጠኝ፣ ከነሸራው" አልኩት። ሳቀ። "መንዳቱ አልበቃት ብሎ መካኒክም ሆነችልን" አላቸው። ከዛ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ብርማ ቀለም የተቀባ ዲስክ አወጣ። "ይኸው ኦሪጅናል። ለወንድሜ ሚስት የማይሆን ነገር አልሰጥም።"

አመስግኜ ወጣሁ። የሱን ልጅ ሪሐናንም የምጭናት እኔ ነኝ። መቼም በልጁ አይቀልድም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ኦልጅራ ቀለሙን በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። ሥሩ ዝገት። ውፍረቱን ለካው... ከኔ ከወለቀው እምብዛም አይሻልም። ተልጦ ተልጦ ያለቀ።

"ምን ብለሽ ነው የጠየቅሽው?"

"ኦሪጅናል።"

"በቃ። ኦሪጅናል ማለት ያገለገለ ማለት ነው፣ ከተጋጨ መኪና የተፈታ። አዲስ ስትፈልጊ አዲስ በይ።"

አፌን የፈታሁበት አማርኛ ነው... ሱቅ ደጃፍ ላይ ሌላ ቋንቋ ኖሯል ለካ።

ተሸክሜው ተመለስኩ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ምንም አልመሰለው። "ኦሪጅናል አልሽ፣ ኦሪጅናል ሰጠሁ። ምን ዋሸሁ?" አልዋሸማ። እሱ እኮ ነው አንጀቴን ያሳረረው። "ለከተማ ይበቃል። ችግሩ ፍሬኑ አይደለም፣ ነጂዋ ናት" አለ ጨምሮ።

"ሌላ ሱቅ እገዛለሁ።"

"ዘመዷን ትታ ባዳ ጋ ሄደች ልታሰኚኝ? እንግዲያው ሪሐናን ሁለተኛ አትጭኛትም።"

"እሺ" ብዬ ወጣሁ። በሩን ድርግም ማድረግ ነበረብኝ። ምን ነካኝ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
ጀማሉዲን ደወለ። ወንድምየው ቀድሞኝ ነግሮታል። "አንቺዬ፣ ለአንድ ዲስክ ብለሽ ቤተሰብ ታበጣብጫለሽ? ተቀበዪውና የትም ወርውሪው፣ ሌላ ግዢ፣ ማን ያያል?"

ልዋሽ ማለት ነው። "አልቀበልም" አልኩት። "ፔዳሉን የምረግጠው እኔ ነኝ፣ አንተ ጅማ ነህ።" ወሬ ለወጠና ራት በልቼ እንደሆን ጠየቀኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
ከኦልጅራ ጋር ሌላ ሱቅ። "አዲስ፣ በካርቶን የታሸገ።" ያቺ ቃል ከአፌ እንዳታመልጥ ስጠነቀቅ ነበር። ሻጩ እንደ እሽቅድድም መኪና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ዲስክ አመጣ። ያምራል። ኦልጅራ "ለኛ ጌጥ ነው፣ ቆይቶም በቀዳዳው በኩል ይሰነጠቃል" አለ። ተውኩት። ወፍራሙን፣ ሙቀት የሚችለውን መረጥኩ።

ሸራው ላይ ደግሞ ክርክር። ሴራሚኩ ድምፅ የለውም። ብረት የተቀላቀለበት ግን ቢግልም አይከዳም፣ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ብቻ ይጮሃል።

"ሴቶች የማይጮኸውን ነው የሚወስዱት" አለ ሻጩ።

"ይጩህ። እኔም እጮሃለሁ።"

ኦልጅራ ሳቁን ዋጠ። ከሰዓት ገጠመልኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9
አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ወዲያው አይታመንም ተብያለሁ። ጭር ያለ መንገድ ላይ ነዳ፣ ያዝ... ነዳ፣ ያዝ። አንድ ሰውዬ መንገድ ዳር ቆሞ ሲያየኝ ቆይቶ "እህቴ፣ መንዳት እየተማርሽ ነው?" አለኝ።

"መቆም እየተማርኩ ነው" አልኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ስድስት ልጅ። የሪሐና ቦታ ባዶ... ከፋኝ። ልጅቷ ምን አጠፋች?

እዚያው ቁልቁለት ላይ ከፊቴ ያለ ሚኒባስ ሰው ሊጭን ድንገት ቆመ። ረገጥኩ። ቀጥ። ልጆቹ ወሬያቸውን እንኳ አላቋረጡም። አድርሻቸው ስመለስ ብቻዬን አለቀስኩ። አልሐምዱሊላህ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
ይጮሃል። ጎረቤት ሁሉ ጠዋት መውጣቴን በፍሬኑ ጩኸት ነው የሚያውቀው። ደስ ይለኛል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17
ጠዋት ልወጣ ስል ጋሽ ኑሪ መኪናዬ አጠገብ ቆሟል። ሪሐና ቦርሳዋን አዝላ ከጎኑ። ሰላምታው አጭር። ጎንበስ ብሎ በጎማው መሃል ዲስኩን አየው፣ ደህና አድርጎ አየው።

ይቅርታ የሚጠብቅ መሰለኝ። እኔ ግን ይቅርታ አልልም። "ካንተ አልገዛሁትም" አልኩት ቀድሜ።

"አውቃለሁ" አለ። የኋላውን በር ከፍቶ ልጁን አስገባት፣ ቀበቶዋን ራሱ አሰረላት። ሊሄድ ካለ በኋላ ነው፣ ፊቴን ሳያይ፣ "ስለማውቅ ነው ያመጣኋት" ያለኝ።