ልጆቹ የተከሉት ጫማ

ነሐሴ 4

ጠዋት ኮሌታ ስሰፋ ነበር። የዩኒፎርም ወቅት ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በአንድ ክረምት ተመዞ ይመጣል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ቀና ስል ልጄ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር በሩ ላይ ቆማለች። ጃንጥላዋን እንኳ አላጠፈችም።

«እማማ፣ አይደንግጡ። ልጅዎ ትንሽ አሟት ነው።»

ለትንሽ ሕመም ዳይሬክተር በዚህ ዝናብ ትመጣለች? ከኋላዋ ወንድሜ። ከወንድሜ ኋላ ጎረቤቴ ሬዲዮ... ሬዲዮ ያልናት አፏ ስለማይዘጋ ነው። ዛሬ ዝም ብላለች። ያኔ ገባኝ።

መንገድ ስትሻገር ነው አሉ። መኪናው በእርጥቡ አስፋልት ተንሸራቶ...

መቀሱን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

ነሐሴ 9

ቤቱ ሰው በሰው። «ጠንከር በይ» ይሉኛል። እኔ ከጠነከርኩ እነሱ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ? አንዱ «አረፈች» ይላል። አንዷ «ተለየችን»። ወንድሜ ደግሞ «ያ ነገር ከሆነ ወዲህ» ይላል። ያ ነገር! ቧንቧ የፈነዳ ይመስል።

ሬዲዮ ድምጿ ተመልሷል። «አይዞሽ እህቴ፣ የኔም አክስት እንዲሁ ሳላስበው ነው ያመለጠችኝ።» አክስቷ ዘጠና ዓመት አልፏት ነበር። ሳታስበው!

ነሐሴ 13

ዕቃዋን ላመጣ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። ክረምት ቢሆንም ትንንሾቹ ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። የምታውላቸው እሷ ነበረች። ዝናብ በጣሳ ይለካሉ፣ ቀንድ አውጣ ያሳድዳሉ፣ ባቄላ ይተክላሉ። እሷ «ጭቃ ማቡካት» ነበር የምትለው። ዳይሬክተሯ ግን ግድግዳው ላይ አስለጥፋለች፦ «የክረምት መውጫ ወቅታዊ የተግባር ትምህርት መርሐ ግብር»። ከጽሑፉ ሥር አንድ ልጅ አፍንጫውን ይጎረጉራል።

ክፍል ውስጥ የምታደርገው ነጠላ ጫማ ነበራት። አንዱ ብቻ አለ። ሌላውስ?

«አይጥ ወስዶት ይሆናል፣ እማማ» አለችኝ ዳይሬክተሯ።

ስንት ቁጥር የሚያደርግ አይጥ ነው?

«ልጆቹስ ምን ተባሉ?» አልኳት። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ክረምቱ ሲወጣ ትመጣለች ብለናቸዋል። ለሥነ ልቦናቸው ብለን ነው።»

ለማን ሥነ ልቦና?

ነሐሴ 17

ጫማው አላስቀምጥ አለኝና ተመለስኩ። ልጆቹ አትክልቱ ጥግ ተኮልኩለዋል። ፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ልጅ፣ ጥርሰ ወላቃ ልበላት፣ በጣሳ መሬት ታጠጣለች። ዝናብ እየዘነበ!

«ምን ተክላችሁ ነው?»

«ቲቸርን።»

...

«ዘበኛው አባባ ተቀብራለች አሉን። ዳይሬክተሯ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ትመጣለች አሉ። ባቄላም እንደዚያ ነው።»

«ጫማዋንስ ምን አደረጋችሁት?»

«ዘሩ እሱ ነዋ!» አለችኝ፣ ባቄላ የሚባል አይቼ እንደማላውቅ ሁሉ።

«እማማ፣ እየረገጧት ነው!» ብሎ ጮኸብኝ አንዱ።

ሳቄ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው። ወዲያው እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሊዞርብኝ ነበር።

ዳይሬክተሯ ሮጣ ደረሰች። ታፍራለች ብዬ ነበር። «አይ የልጅ ነገር! እንዴት ደስ ይላል!» ብላ ፎቶ አነሳችው። ስወጣ እንጨት ላይ ጽፋ ተክላበታለች፦ «የተስፋ ተክል»።

ጫማውን ለምን አላወጣሁትም? አላውቅም።

ነሐሴ 18

ስልክ ሲጠራ ዛሬም እሷ መሰለችኝ። ደግሞ በልጆች እስቃለሁ።

ነሐሴ 23

ፀሐይ ወጣች። ጥርሰ ወላቃን እናቷ ለዩኒፎርም ልኬት አመጣቻት። ልጅቷ እጇን አልዘረጋም አለች።

«ምን ሆና ነው?»

«ምን እባክዎ፣ እትዬ፣ ባቄላው በቀለ፣ ያኛው አልበቀለም። ጓደኞቿ 'ውሃ አብዝተሽ አንቺ አበሰበስሻት' ይሏታል። ምግብ ከተወች ሰነበተች።» ጆሮዬ ሥር ተጠጋች። «ትንሽ ቆይታ ትመጣለች ይበሏት። ከእርስዎ ከሰማች ታምናለች።»

ስፒሉን በከንፈሬ ይዤ ነበር። ጥሩ ሰበብ። የልጅቷን ትከሻ ለካሁ። ምን ያህል ከስታለች!

ነሐሴ 25

ሄድኩ። ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ያዘችኝ። «እማማ፣ በዘዴ ይሁን እሺ...»

«በዘዴውማ እናንተ ሞከራችሁት» አልኳት።

ከልጆቹ ወንበር ባንዱ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ አገጬ ደረሰ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ጠፋኝ።

«ልጄ ሞታለች» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ይኸው የመጀመሪያዬ። ሌሎቹን ሳማ ከረምኩ፣ ለካ እኔም አላልኩትም።

«መኪና ገጭቷት?»

«አዎ።»

«ፀሐይ ብትወጣም አትመጣም?»

«ብትወጣም አትመጣም። ሰው ባቄላ አይደለም።»

ጥርሰ ወላቃ እግሯን እያየች «በውሃው አይደለም?» አለች።

«በውሃው አይደለም። አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

አለቀሰች። የተለቀቀ ልቅሶ ነበር። ሌሎቹም ተከተሏት፤ አንዱ ለምን እንደሚያለቅስ እንኳ አያውቅም፣ ግን ከሁሉ ይበልጥ ይጮሃል። ዳይሬክተሯ ግድግዳ ተደግፋ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። መርሐ ግብሩ ላይ የለማ!

ጸጥ ሲሉ ጥርሰ ወላቃ ጭኔ ላይ ወጣች። «እማማ፣ እንግዲህ እርስዎ የማን እናት ነዎት?»

አሰብኩበት። ልጅ የጠየቀው ነገር ተድበስብሶ አይታለፍም።

«አሁንም የእሷ» አልኳት።

ይህን የምጽፈው ለራሴ ነው። ግን ደብተሩ ድንገት ከሰው እጅ ቢገባ፣ አንተም ሆንክ አንቺ፣ ሳትዘጉት ለልጄ ነፍስ ጸልዩላት። ረጅም አይሁን፤ ረጅም ንግግር አትወድም ነበር። ከልብ ብቻ ይሁን።