ጭራው ስላልተቆረጠ ስሌት

ለተከበሩ የፋይናንስ ምህንድስና ትምህርት ክፍል ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለወንበርዎም ድሎት እመኛለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን ለማማከር በጎ ፈቃድዎ የሆነልኝ፣ ለመመረቅ ግን ያልበቃሁት ተማሪዎ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ የቢሮዎ በር ስለተዘጋብኝ እንጂ ክብርዎን ለመዳፈር እንዳይመስልብኝ አደራ።

አንደኛ፤ በመጀመሪያው ቀን «የእኛ ሙያ ሰው መስማት የማይፈልገውን ቁጥር ጮክ ብሎ መናገር ነው» ስላሉን አመሰግናለሁ። እኔ ሞኟ አምኜዎት፣ እርስዎ የሚያማክሩትን የመምህራን የጡረታ ቁጠባ ማኅበር ለጥናቴ መረጥኩ። ማኅበሩ የአባላቱን ቁጠባ ጠቅልሎ ለአንድ ቤት ገንቢ ኩባንያ ሊያበድር ተሰናድቶ ነበር። የቤት ዋጋ ክፉኛ ከወረደ የጡረታው ግማሽ እንደሚጠፋ ስሌቴ አሳየ። ከአባላቱ አንዷ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የጠመኔ ብናኝ እየማገች በደመወዟ ያስተማረችኝ።

ሁለተኛ፤ ቢሮዎ ጠርተው ስለሰጡኝ የግል ትምህርት። በሩን ዘግተው፣ መነጽርዎን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ይሄን ጭራ ቁረጪውና ተመረቂ» አሉኝ። ጭራ የምንለው ከስንት አንዴ የሚመጣውን፣ ሲመጣ ግን ቤት የሚያፈርሰውን ኪሳራ መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። «አልቆርጥም» ስልዎ፣ በስጋት ተንታኝነት ሊቀጥረኝ ቃል የገባው ባንክ የወዳጅዎ መሆኑን በደግነት አስታወሱኝ። በሳምንቱ ባንኩ ሐሳቡን ቀየረ፤ ጽሑፌም «ብቁ አይደለም» ተብሎ ተመለሰ። ስልክ ሲደውሉ የደከሙበትን ጣት እግዜር ይማርልዎ።

ሦስተኛ፤ አክስቴ። ሁሉን ስነግራት ድስቱን ከእሳት አውርዳ፣ «አንቺ ብቻ ዲግሪሽን ያዢ፤ የእኔን ነገር ተይው» አለችኝ። ጭንቅ ያዘኝ። ብቆርጠው ጡረታዋን፣ ባልቆርጠው ልፋቷን ልበላባት ነው። በመጨረሻ ስሌቴን ይዤ የመምህራኑ ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆምኩ። እርስዎ ከመድረኩ «ይህች እኮ ከእኔ ክፍል የወደቀች ልጅ ናት» አሉ። ያኔ አክስቴ ከኋላ ተነስታ፣ «የወደቀችውን ይተዉትና የቤት ዋጋ ቢወርድ እኛ ምን እንሆናለን?» ብላ ጠየቀች። እርስዎ ውሃ ጠጡ። ደግማ ጠየቀች። ደግመው ጠጡ። ከዚያ እጆች አንድ በአንድ ተነሡ፤ ብድሩም በድምፅ ብልጫ ታገደ።

አሁን የአሥረኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ዲግሪ የለኝም፤ የአክስቴ ጡረታ ግን አለ።

ጊዜዎን በማባከኔ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለውለታዎ ምላሽ ያጣሁት፣ ያልተመረቅሁት ተማሪዎ።

ማስታወሻ፦ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ለጉባኤው እንደገለጹት፣ ለካ እርስዎም አባል ኖረዋል፤ የራስዎን ቁጠባ ጠቅልለው ያወጡትም ጽሑፌን ባነበቡ ማግስት ነው። ከመምህር እንዲህ ያለ ከፍተኛ ውጤት አግኝቼ አላውቅም።