ለመናገሻ ዳገት የማይሆን ማርሚታ

ዮፍታሔ፣

እህቴን ላሊሴን ላስታምም ሱሉልታ ሄጃለሁ። እንዳትደውልልኝ።

የግቢውን ቁልፍ ለአከራያችን ለኦቦ ገርባ ሰጥቻለሁ።

አጭሩን ማርሚታ፣ ያን የጭስ ቱቦ፣ ከባለ አራት ጎማው ሞተር ሳይክል ፈትቼ አልጋህ ላይ አስቀምጬልሃለሁ። ስለወደድከው አቅፈኸው ተኛ። በቦታው ረጅሙን ገጥሜያለሁ፤ እንዳትነካው።

ለመናገሻ ዳገት ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ የሚጎትተው ረጅሙ ነው ብዬህ ነበር። አንተ ግን "እሱ የሽማግሌ ነው፣ ፍጥነት የለውም" አልክና እኔ ሥራ በሄድኩበት አጭሩን ገጠምክ። አጭሩ የሞተሩ ዙር ዝቅ ሲል ያንቀላፋል፣ ከዚያ በድንገት ይፈተለካል። ላሊሴ ዳገቱ መሀል ሲያንቀላፋባት ነዳጅ ጨመረች፤ ተፈትልኮ ተገለበጠባት። ትከሻዋ ተሰበረ። አንተ ደግሞ አጠገቧ ቆመህ "ድሮስ ማን ንጂ አላት?" አልክ።

ይህን አልረሳውም።

ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት ወስጄ ፍጥነት እንዲጨምር የጭስ መውጫ ቀዳዳውን ከፍ ያስደረግኩት እኔ ነኝ፤ ይህ ደግሞ በዝቅተኛ ዙር ጉልበቱን ይቀንሳል። አጭሩ ማርሚታ ያን ያህል የከፋው በዚያ ምክንያት ነው። ለአንተ አልነገርኩህም። ለእሷም።

ላሊሴ የማን ጥፋት እንደሆነ ስትጠይቀኝ የጠራሁት ያንተን ስም ብቻ ነበር። ዛሬ የእኔንም እጨምርበታለሁ።

ያንተን ግን አላወጣውም።

ዲሪርሳ