ዘይነባና የተከለከሉት ጥንቸሎቼ

ጅማ፣ ሐሙስ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1979 ዓ.ም.

ዛሬም ሦስቱም ጥንቸሎቼ ጎመናቸውን ጠርገው በሉ፤ ዓይናቸው ንጹሕ፣ ትንፋሻቸውም ደህና ነው። የከብት ሐኪሙ «ቫይረስ ከሆነ መድኃኒት የለውም፤ መከላከል ብቻ ነው። በሽታ ከገባበት ቤት የመጣ ሰው አያስነኩ» ካለኝ ወዲህ ጠዋት ማታ ሳላያቸው አልውልም።

ጭንቄ ግን ጎረቤቴ ዘይነባ ነበረች። ትናንት ከደዶ ተመለሰች፤ እዚያ የእህቷ ጥንቸሎች በሁለት ቀን አልቀዋል። ዛሬ እንደ ልማዷ ልታቅፋቸው ስትመጣ በሩ ላይ ቆምኩባት። የሰው እንስሳ አትጠጊ የተባለች ሴት ደግሞ ቡዳ ነሽ የተባለች ያህል ነው የሚሰማት።

«ማሊ? ምንድን ነው? ዓይኔን ፈራሽ?» አለችኝ፤ ፊቷ ጠቆረ። ሃያ ዓመት በአንድ አጥር የኖርን ሰዎች።

«ዓይንሽንማ አይደለም ዘይነቤ፤ የፈራሁት እጅሽንና ቀሚስሽን ነው። በሽታው በእነሱ ይመጣል ብሎኛል ሐኪሙ» አልኳት።

ይህን ስትሰማ ሳቋ መጣ። «ታዲያ እንደዚያ አትዪም? እጄን እሰበስባለሁ፤ ማየት ግን አትከለክይኝም።» በርጩማዋን ይዛ መጥታ ከአጥሩ ማዶ ተቀመጠችና «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» ስትላቸው ዋለች። እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ስትነሳ «እስሬ ስንት ቀን ነው?» አለችኝ። እሱን ሐኪሙን ሳልጠይቀው ቀርቻለሁ።