ከወፍጮ ቤቱ ያወረድነው መብራት

ለታላቋ ልጄ፣ ለቤቴ ምሰሶ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ቆመሽ ነው የምትውዪው? ባለቤትሽስ እንደምን ነው? የሌሊት ፈረቃው ተቀየረለት? የትንሹ ጥርስ ወጣ ብለሽኝ ነበር፤ መናከስ ጀምሮ ከሆነ አትቆጪው፣ አንቺም ትናከሺ ነበር። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በእግሬ ቆሜያለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ሕመም የለኝም። ድካሙ ግን አለ። ተኝቼ እንዳልተኛሁ ሆኜ እነሣለሁ። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩትም ሰንብቷል፤ ጥቂት እጽፋለሁ፣ መነጽሬን አወልቃለሁ፣ ደግሞ እተወዋለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ መብራቱ ነው። ለወንድምሽ ማስታወሻ ብለሽ የላክሽው፣ በፀሐይ የሚሠራው መብራት፣ ከወፍጮ ቤቱ ወርዷል። ሰው ሰርቆት አይደለም፣ ተበላሽቶም አይደለም። አውርዱት ያልኩት እኔ ነኝ። ከሌላ አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው፤ ሆድ ሳይብስሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ወንድምሽ ከሌሊት ወፎቹ ጋር የነበረውን ነገር አንቺ በስልክ እንጂ በዓይንሽ አላየሽውም። የድሮው ወፍጮ ቤት ሥራ ካቆመ ወዲህ ጣሪያው ሥር ሰፍረዋል። ሰው በጭስ ሊያስወጣቸው፣ ቀዳዳውን በጭቃ ሊደፍንባቸው ሲነሣ፣ መሰላል ላይ ቆሞ የከለከለው አናጢው ልጄ ነው። ወንዝ ዳር ጎመን የሚተክሉትን ሴቶች ሰብስቦ፣ የእሳት ራቷ ጎመናችሁ ላይ እንቁላሏን ሳትጥል አየር ላይ የሚለቅሙላችሁ እነዚህ ናቸው አላቸው። የጣሪያውን ጠርዝ ጣውላ ሲቀይርም መውጫ የምትሆናቸው ክፍተት ትቶ ሠራ። ከዚያ ሰፈሩ ማኅበር አቋቋመ። ጡረታ የወጡት መምህር ሰብሳቢ ሆኑ። ድንጋይ የሚወረውር ልጅ እንዳይኖር በተራ ይጠብቃሉ፤ ወፎቹ ልጆቻቸውን በሚያሳድጉበት ወቅት የወፍጮ ቤቱ በር ይቆለፋል፤ ከግንቡ ጀርባ ያሉት ዛፎች አይቆረጡም። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ በስብሰባ ሁሉ ይቀልዳል፤ በዚህ ሰፈር የሌሊት ወፍ ያለው ጣሪያ ሥር ብቻ አይደለም፣ ሥራ ሲባል አይጥ ነኝ፣ ድግስ ሲባል ወፍ ነኝ የሚል ስንት አለ ይላል። ወንድምሽ በዚህ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ትዝ ይለኛል።

መብራቱ ሲመጣ ማኅበሩ በሙሉ ተሰበሰበ። የት እንስቀለው ሲባል፣ ሁሉም በአንድ አፍ እሱ ከሠራው ጣውላ በላይ አለ። ስሙን የጻፉበትን ሰሌዳ ከሥሩ በሚስማር መቱት። እኔም ሲመሽ ወንበሬን ይዤ እዚያ መቀመጥ ጀመርኩ። ልንገርሽ ልጄ፣ ከቀብሩ ወዲህ እህል በፈቃዴ የቀመስኩት ያን ሰሞን ነው። ብርሃኑ ፊቴ ላይ ሲወድቅ ሰው አጠገቤ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኔ ከሥሩ ተቀምጬ ያላየሁትን ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል። መጀመሪያ ጎረቤታችን ጎመን ተካይዋ አንድ ጥቅል ጎመን ይዛ መጣች። እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ አንቺ ጠየቀችኝ፣ ስለ ዝናቡ አወራችኝ፤ ዳር ዳር ብላ ብላ ጎመኑን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ሄደች። እኔ ደግሞ ለምግብ የሰጠችኝ መስሎኝ በሆዴ ተቀየምኳት፤ ለሐዘንተኛ ከትል የተረፈውን ነው የሚሰጡት ብዬ። በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩን በሩ ላይ አግኝቼ፣ ምን ሆናችሁ ነው ሁላችሁም የምትሸሹኝ ብዬ ስጠይቀው፣ እማማ፣ እኔ የያዝኩት መቀስ ነው፣ ይህን ነገር ምላስ ያላቸውን መምህሩን ይጠይቁ ብሎኝ ወደ ውስጥ ገባ።

መምህሩ ቤቴ መጡ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ እያዞሩ ነገሩኝ። የሌሊት ወፍ መውጫዋ ላይ ብርሃን ካለ ቶሎ አትወጣም፤ ገና አልመሸም ብላ ትጠብቃለች፣ የምትበላው ነገር በሚበዛበት ሰዓት ውስጥ ተቀምጣ ትቀራለች። ብዙዎቹ ቦታውን ጥለው ሄደዋል፤ የቀሩት ጥለው መሄድ ያልቻሉት፣ ልጅ ያላቸው ናቸው። እኛ ካወቅን ቆይተናል፣ እርስዎን በምን አፋችን እንንገርዎ ብለን ነው አሉኝ። ለጎመን ብላችሁ የልጄን መብራት ልታጠፉ ነው የሚል ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ሲሄዱም ተነሥቼ አልሸኘኋቸውም።

ጥቂት ቀናት እንደ ልማዴ ከብርሃኑ ሥር ተቀመጥኩ። ግን አንድ ምሽት ወንበሬን አዞርኩና ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ወደ ክፍተቷ አየሁ። አንዲቱ አፍንጫዋን ብቅ አድርጋ መለስ አለች። ደግሞ ብቅ፣ ደግሞ መለስ። ከውስጥ ሲንጫጩ ይሰማል። እናቲቱ ካልበላች ወተት እንደሌላት መምህሩ ነግረውኛል። ከአደን ስትመለስም በዚያ ሁሉ ግልገል መሃል የራስዋን በድምፁ ለይታ ነው አሉ የምታገኘው። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። እኔን ያጽናናል ተብሎ የተሰቀለው ነገር እዚያች እናት ላይ እንዲህ ሲሆን እያየሁ እንዴት እጽናናለሁ?

በማግስቱ አውርዱልኝ አልኩ። ፀጉር አስተካካዩ ወጣ፤ ጎመን ተካይዋ መሰላሉን ይዛለት፣ የሰው ጉሮሮ ሳትፈራ ትላጫለህ፣ መሰላል ላይ ግን ፈራህ ትለዋለች። መምህሩ፣ ከደጅዎ እንስቀለው፣ ያጫውትዎታል አሉኝ። ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽሽም። አፌ ግን የመንገዱ ኩርባ ላይ ስቀሉት አለ። ያችን ኩርባ ታውቂያታለሽ። ወንድምሽን የገጨው ሾፌር፣ ጨለማ ነበር፣ ልጁን አላየሁትም ብሎ ቃሉን የሰጠባት ናት። ከአደጋው ቀን ጀምሮ ገበያ ስሄድ በላይኛው መንገድ እንደምዞር ሰፈሩ ያውቃል።

አብሬያቸው ሄድኩ። መንገድ ላይ ጎመን ተካይዋ ክንዴን ያዘችኝ። ስለ ጎመኑ ይቅር በይኝ አልኳት፤ ምኑን አለችኝ፤ ተውኩት። ምሰሶ ተክለው ሰቅለውት ሲጨርሱ ዓይን ያዝ አድርጎ ነበር፣ መብራቱም በራሱ በራ። ብዙ ሳንቆይ አንድ የጭነት መኪና መጣ። ኩርባው ጋ ሲደርስ ቀስ አለ። ሾፌሩ ለምን እንደቆምን አያውቅም፣ እጁን አውጥቶ ሰላም ብሎን አለፈ። ሌላ ነገር አልነበረም። እኔ ግን የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ቆሜ ቀረሁ።

ወፎቹ ተመለሱ ብዬ ላስደስትሽ አልችልም። የቀሩት በጊዜ መውጣት ጀምረዋል። የሄዱት ምናልባት በሚመጣው ዓመት ይላሉ መምህሩ፤ ምናልባት። ሰሌዳው እዚያው ነው። ስሙ ጨለማ ውስጥ ነው፤ ማንበብ የሚፈልግ በቀን ይምጣ። እኔም ወንበሬን ይዤ መሄዴን አልተውኩም፤ በጨለማ ፊቴን የሚያየኝ ስለሌለ ማልቀስም ይቀላል። በገዛ እጅሽ መርጠሽ የላክሽው ነውና ቅር ካለሽ ደብቀሽ አትያዢብኝ፣ ጻፊልኝ። መብራትሽ ግን ሥራ አልፈታም።

አማትሽን እጅ ነሺልኝ፤ ስለ ሹራቡ አመሰግናለሁ፣ እጅጌው ረዘመብኝ እንጂ ይሞቃል። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ የሳለችልኝ ሥዕል አልጋዬ ራስጌ ላይ ነው፣ አያቴ ብላ የሳለችው ሰውዬ ግን ጢም አለው በያት። ትንሹን ሁለት ጉንጩን፣ ካልነከሰሽ። ለባለቤትሽም ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ ከፈረቃው ሲመለስ መብራት ባለበት መንገድ፣ ዳር ዳሩን ይዞ ይሂድልኝ።

እናትሽ
ከወፍጮ ቤቱ ማዶ፣ ከቤታችን
ጥቅምት 9 ቀን