የበረዶ ሜዳውን በር ስለማዞር

ለተከበሩ አቶ አለምሰገድ ብርሃነመስቀል
የጫሞ ዳር የበረዶ ሜዳ አስመራቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አርባ ምንጭ

ጥር 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ የባለቤትዎን ሰላምና የልጅዎን የቲጂን ደኅንነት አጥብቄ እየጠየቅሁ፣ አናት በሚበሳው በዚህ በጋ እኛ የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች በእርስዎ ብርቱ ጥረት ብርድ ሊደርሰን በመሆኑ ምስጋናዬን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ። ስሜ ዘሪቱ ዘካሪያስ ነው። በምረቃው ዕለት ለእንግዶች አበባ የሚሰጡትን የአሥራ ሁለት ልጆች ቀሚስ እንድሰፋ ኮሚቴዎ ያዘዘኝ ልብስ ሰፊ ነኝና ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል። ከአሥራ ሁለቱ አንዷ የእኔው ልጅ ቤተል ናት። ባለፈው ሰኞ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ነገሬን ሳልጨርስ ስብሰባ ስለገቡብኝ የቀረውን በጽሑፍ ማቅረቡ ይሻላል ብዬ ይህን ደብዳቤ አንዱን ለእርስዎ ልኬ፣ አንዱን ደግሞ ዓሣ ማራገፊያው ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ለድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ በረዶው። ከጨንቻ ጋቢ ደርበው የሚወርዱት ዘመዶቼ እዚህ ሲደርሱ ጋቢያቸውን አውልቀው የደጋውን ውርጭ ሲያማርሩ መዋል ልማዳቸው ነው። እኛ ቆላዎቹ ልጆቻችን እንዲንሸራተቱበት ብለን ማሽን አስመጥተን ውርጭ እያስጋገርን መሆኑን ብነግራቸው፣ አክስቴ ወባ የያዘኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰችው። ለአክስቴ እንዳስረዳኋት፣ ማሽኑ ሌሊት ያረጋውን ፀሐይ ቀን ላይ ታቀልጠዋለች፤ ማሽኑም ደክሞት ይቆማል፤ ሲመሽ እንደገና ይጀምራል። ምረቃው ቅዳሜ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እንዲሆን የተወሰነውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ሰምቼ የኮሚቴውን ብልሃት አድንቄያለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሣሩ። ከበረዶው የሚቀልጠው ውሃ በቱቦ ከሜዳው አጥር በስተጀርባ፣ ማለትም ከእኔ ጓሮ፣ ይፈስሳል። በጋው ላንቴ ቀበሌ ያለውን ሙዝ ሳይቀር ባጠወለገበት በዚህ ወቅት እኔ ቤት ሥር ጉልበት የሚደርስ ለምለም ሣር በቅሏል። እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ላም የለኝም። ጉማሬዎቹ ግን አግኝተውታል።

ክቡር ሆይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሐይቁ ይወጣሉ፣ ከሐይቁ ትይዩ አድርገው ባሠሩት በሜዳው በር ፊት ያልፋሉ፣ አጥሩን ዞረው እኛ በተኛንበት ግድግዳ ሥር ይግጣሉ። ግድግዳው ጭቃ ነው። ሲግጡ ጥርሳቸው ይሰማኛል፤ ሲተነፍሱ ምርጊቱ ሲርገፈገፍ ይሰማኛል። ኩራዙን አጥፍቼ፣ ሳል እንዳያመልጣት የቤተልን አፍ በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ቁጭ እላለሁ። ይህን የምጽፍልዎት እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ ሐይቅ ዳር ተወልጄ ሐይቅ ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ድሮ እንዲህ ፈሪ አልነበርኩም። አሁን ግን እፈራለሁ። መሸ በተባለ ቁጥር ዓይኔን ከመርፌው አንሥቼ ግድግዳውን አያለሁ፤ ከቀሚሶቹ በአንዳንዶቹ ላይ ስፌቱ ጠማማ ሆኖ ቢያገኙት ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ በሩ። በሩ ወደ ሐይቁ የዞረው ፎቶ ግራፍ ሲነሣ ጫሞ ከኋላ እንዲታይ ነው ተብሏል፤ በእውነቱ ጫሞ ታምራለች። ይሁን እንጂ ጉማሬ የሚወጣበትም የሚመለስበትም መንገድ አንድ ነው፤ እርሱም በዚያው በር ፊት ነው። ይህንን ቢሮዎ መጥቼ ለማስረዳት ስሞክር ከወንበርዎ እየተነሡ እንዲህ አሉኝ፦

«ወይዘሮ ዘሪቱ፣ ጉማሬ እኮ ሣር በል ነው። ሰው አይበላም።»

ቤቴ እስክደርስ አሰብኩበት። እውነትዎን ነው፣ አይበላም። ጎረቤቴን ውብአየሁንም አልበላውም። ውብአየሁ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ አምና በዚሁ ወር መረቡን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ሲመለስ አንዱ ጉማሬ ከሣር ሲመጣ ተገጣጠሙ። እንስሳው ደነገጠ። ሲደነግጥ ደግሞ ወደ ውሃ ነው የሚሮጠው፤ ውብአየሁ በእርሱና በውሃው መካከል ቆሞ ነበር። ከዚህ ሌላ ምንም ጥፋት የለበትም። ከዚያ በኋላ ጉማሬው ሐይቁ ገባ፣ ሥጋም አልቀመሰም። የውብአየሁን የመገነዣ ጨርቅ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ምን ያህሉን ገጣጥሜ እንደሰፋሁለት እዚህ ላይ አልጽፍም፣ እናቱ በሕይወት አለች።

አራተኛ፣ ስለ ሙዚቃው። በፕሮግራሙ ላይ እንዳነበብኩት የክብር እንግዳው እንደደረሱ ጥሩምባ ይነፋል፣ ከበሮ ይመታል፣ በድምፅ ማጉያም ንግግር ይደረጋል። በዚያ ሰዓት ጉማሬዎቹ ከአጥሩ ጀርባ ሣሬ ላይ ናቸው። ጥሩምባው ሲነፋ ይደነግጣሉ። ሲደነግጡ ወዴት እንደሚሮጡ ከላይ ገልጫለሁ። አበባ የያዙት ልጆች የት እንደሚቆሙ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ወስነዋል፤ በሩ ላይ፣ በሁለት ረድፍ፣ ፊታቸውን ወደ እንግዶቹ አዙረው። ከጀርባቸው የሚመጣውን እንኳ አያዩም።

አምስተኛ ብዬ ስለ ጥበቃው ልጽፍ ነበር። ለዘበኛው ፊሽካና ቆመጥ ተሰጥቶታል። ይኸው ነው።

ከዚህ በላይ መቁጠር አልቻልኩም፤ ጽሑፌም እንደ ስፌቴ መጣመም ጀምሯል። ልጅሽን ለምን አታስቀሪያትም የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አስቀራታለሁ። አሥራ አንዱስ? አሥራ አንዱንም በእነዚህ እጆቼ ለክቻቸዋለሁ፤ የማን ትከሻ ሰበር እንደሚል፣ የማን ጎን ሲነካ እንደሚኮረኩረው አውቃለሁ። ለእናቶቻቸው አንድ በአንድ ነግሬያለሁ። ኮሚቴው ዋስትና ሰጥቶናል፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ ብለው መለሱልኝ። ስለዚህ የቀረኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በሩ ወደ መኪናው መንገድ ይዙር። ያ በሦስት ቀን አይደርስም ከተባለ ምረቃው ቀን በስድስት ሰዓት ይሁን። በረዶው ይቀልጣል፣ አውቃለሁ። ይቅለጥ። እንግዶቹ ውሃ አይተው ይሂዱ፣ ልጆቹም ጫማቸውን አውልቀው ይንቦራጨቁበት፤ ማንም ሰው በውሃ አይስቅም። ፎቶውም ላይ ጫሞ ባትታይ ቅር የሚላት አይመስለኝም።

የዘወትር ትዕግሥትዎን፣ ለልማት ያለዎትን የማይበርድ ፍቅርና ከወንበርዎ ሲነሡ የሚያሳዩትን ፍጥነት እያደነቅሁ፣ ጌታ ዘመንዎን እንዲያረዝም፣ ቤትዎንም ከድንገተኛ ነገር ሁሉ እንዲጠብቅ ከልብ እየጸለይኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣ ጎረቤትዎና ልብስ ሰፊዎ
ዘሪቱ ዘካሪያስ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ቤተል ቅዳሜ ሴቻ ሰፈር እኅቴ ዘንድ ስለምታድር ከረድፉ አንድ ቦታ ክፍት ሆኗል። ፕሮግራምዎ እንዳይጎድል በማሰብ የእርሷን ቀሚስ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። መስከረም ላይ የልጅዎን የቲጂን የደንብ ልብስ የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ ልኳ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ከቤተል ጋር ቁመታቸው አንድ ነው። ኮሚቴው ብርዱን ፈርቶ ቀሚሱ እስከ ቁርጭምጭሚት እንዲወርድ አዞኝ ነበር። በእርሱ ግን ልጅ መሮጥ ስለማትችል ከጉልበት በላይ አሳጥሬዋለሁ። ቲጂን ያልብሷትና በሩ ላይ ያቁሟት። አይ፣ አይሆንም ካሉ፣ እባክዎ በሩን ያዙሩት።